አራስ ልጅ ከመውጣቱ በፊት፦ በቀኝ እጅና በእግር የሚሠራው የልብ ልየታ ከሀ እስከ ፐ

ከዓመታት በፊት ተረኛ በነበርኩበት ማዋለጃ ክፍል አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። 3 ኪሎ ከ200 ግራም። እንደወጣ አለቀሰ፣ ጡት ያዘ፣ ሸና። በማግስቱ ጠዋት እናቱ ታቅፋው ወጣች፤ አያቱ በሩ ላይ እልል አሉ። በአራተኛው ቀን ሌሊት ተመለሱ። ልጁ አመድ መስሏል። እግሩ ቀዝቅዟል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እናቱ «ትናንት እኮ ደህና ነበር» እያለች ትደጋግማለች። እውነቷን ነው፤ ደህና ይመስል ነበር። አላተረፍነውም።

ያን ጊዜ ክፍላችን ኦክሲሜትር፣ ማለትም የደምን ኦክሲጅን በቆዳ ላይ ሆኖ የሚለካ መሣሪያ፣ ነበረው። መሳቢያ ውስጥ ነበር። ልጁ ከመውጣቱ በፊት እጁና እግሩ ላይ አድርጎ ያነበበ ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላደረግሁትም።

ይህን የምጽፈው በዋናነት ለአዋላጆች፣ ለነርሶችና ለጠቅላላ ሐኪሞች ነው። እናትና አባትም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። «የልጄ ሳቹሬሽን (የደም ኦክሲጅን መጠን) በእጅ ስንት፣ በእግር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሥራው 5 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መርፌ የለውም፣ ደም አይወሰድም፣ ልጁን አያምም።

መጀመሪያ፣ ለምን ደህና ይመስላሉ?

ሕፃን ማሕፀን ውስጥ ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክሲጅኑ ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ይመጣለታል። ስለዚህ ደሙ ሳንባን ትቶ የሚያልፍበት አቋራጭ አለው። ዳክተስ የሚባል አጭር ቧንቧ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ትልቅ ደም ቅዳ ከአኦርታ (ደምን ከልብ ወደ መላ ሰውነት ከሚያወጣው ዋና ደም ቅዳ) ጋር ያገናኛል። ልጁ ተወልዶ መተንፈስ ሲጀምር ይህ አቋራጭ አያስፈልግም። በአብዛኛው ሕፃን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይዘጋል።

አንዳንድ ሕፃናትን በሕይወት የሚያቆያቸው ግን ያ ቧንቧ ነው። የልቡ ግራ ክፍል ሳያድግ የቀረ ልጅ አለ። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ የተዘጋበት አለ። ሁለቱ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ቦታ የተለዋወጡበትም አለ። ዳክተሱ ክፍት እስከሆነ ድረስ እነዚህ ልጆች ይጠባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይተኛሉ። ሲዘጋ በሰዓታት ውስጥ ይወድቃሉ። የሚዘጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ከገቡ በኋላ ነው፤ ገንፎው ቀርቦ፣ ጎረቤት ገባ ወጣ ሲል።

ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ አፈጣጠር ችግር ይዞ ይወለዳል። ከእነዚህ ውስጥ ከ4 አንዱ ገደማ ከባድ የሚባለው ዓይነት አለበት፤ በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ ጥገና የሚያስፈልገው ማለት ነው።

«ሰማያዊ ቢሆን እናየው ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። አናየውም። የሰው ዓይን ሰማያዊነትን የሚለየው የደም ኦክሲጅን ወደ 80 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። በ80 እና በ95 መካከል ያለ ልጅ ለዓይን ጤነኛ ነው። የልጁ ቆዳ ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆን ደግሞ መለየቱ ይብሳል። ኦክሲሜትሩ ግን ያየዋል። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ፣ ኦክሲጅን የተሸከመው ደምና ያልተሸከመው ደም ብርሃኑን እንዴት እንደሚውጡት ያነጻጽራል። ይህን ሐሳብ ያመነጨው ታኩዎ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ ነገሩ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው (እ.ኤ.አ.)።

ማንን ነው የምንለካው? መቼ?

የምንለካው ደህና የሚመስለውን ልጅ ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው ብዙ ባልደረቦቼ ሲሳሳቱበት ስላየሁ ነው። የታመመ ልጅ ልየታ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ሐኪም ነው። ኦክሲጅን እየወሰደ ያለ ልጅ ላይ የሚነበበው ቁጥርም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሰዓቱ ከተወለደ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው፤ ከመውጣቱ በፊት። ከዚያ በፊት ሳንባው ገና እየተላመደ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያለምክንያት ሊያስደነግጠን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጤነኛ እናትና ልጅ ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም እንዲቆዩ ይመክራል። እኛ ጋ ግን አልጋ ይጠባል፤ እናትም ቤት ትታው የመጣችው ልጅ አለ፤ በ6 ሰዓት የሚወጡ ብዙ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ «24 ሰዓት አልሞላውም» ብላችሁ አትለፉት። ሊወጣ ሲል ለኩት። ከዚያም ለድኅረ ወሊድ ክትትል በ3ኛው ቀን ገደማ ሲመለስ ድገሙት። ቤት የተወለደ ልጅም ጤና ጣቢያ የመጣበት የመጀመሪያ ቀን፣ ለቢሲጂ ክትባትም ቢሆን፣ ይለካ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልየታው ማዋለጃ ክፍል ብቻ ከቀረ ግማሹን ልጅ አያገኘውም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ካርዱ ላይ «የተወለደው 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። በሀገራችን አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ? ጠዋት ነው ወይስ ማታ? በዚህ ምክንያት የ20 ሰዓት ልጅ የ26 ሰዓት ሆኖ ሲቆጠር አይቻለሁ። ስለዚህ ከልኬቱ ጎን ዕድሜውን በሰዓት ጻፉት፦ «ዕድሜ 26 ሰዓት»። ይህን ማንም አይሳሳትበትም።

መሣሪያው

የሚያስፈልገው ለጨቅላ ሕፃን የተሠራ ፕሮብ (ገላ ላይ የሚያርፍ ባለ ገመድ መለኪያ) ያለው ኦክሲሜትር ነው። ፕሮቡ እንደ ፕላስተር የሚጠቀለል ነው። በኮሮና ጊዜ ከፋርማሲ የገዛናት፣ የአዋቂ ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ ትንሽ መሣሪያ ለዚህ አትሆንም። የሕፃኑ እጅ ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ በሥጋው ውስጥ ከማለፍ ይልቅ በጎን ያመልጣል። መቆንጠጫዋም ደሙን ትጫናለች። የምታወጣው ቁጥር አይታመንም። «ከምንም ይሻላል» አይባልም፤ የሐሰት 97 አይታችሁ ልጁን ከምትሸኙት አለመለካታችሁን ማወቅ ይሻላል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። ፕሮቡ የተሰነጠቀ ወይም ገመዱ የተላጠ ከሆነ አትጠቀሙበት። ተደጋግሞ የሚሠራበት ዓይነት ከሆነ በ70 በመቶ አልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉትና ይድረቅ። ውኃ ውስጥ አይነከርም። ይህን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በተዛወራችሁ ቁጥር አድርጉ።

አሠራሩ

1. ልጁን አረጋጉ። የሚያለቅስ፣ የሚንፈራገጥ ወይም የበረደው ልጅ ላይ ትክክለኛ ቁጥር አይገኝም። እናቱ ደረት ላይ ሆኖ፣ ጋቢ ተጎናጽፎ፣ ነቅቶ ግን ዝም ያለበት ሰዓት ነው ምርጡ። ከባድ እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅም ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። እጁና እግሩ ከቀዘቀዙ መጀመሪያ አሙቋቸው፤ በእጃችሁ መዳፍ ይዛችሁ ብትቆዩ ይበቃል።

እናቱን አስቀድማችሁ አነጋግሯት። መብራት ያለው ነገር ልጇ ላይ ሲታሰር ምን እንደሆነ ካላወቀች ትሰጋለች። «እህቴ፣ በዚህ መሣሪያ የልጅሽ ደም ኦክሲጅን በደንብ መያዙን እናያለን። አያመውም። ከመውጣታችሁ በፊት ለሁሉም ልጅ ነው የምናደርገው።» ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በጣም ይጠቅማል። «የኔን ልጅ ለይታችሁ ለምን?» የሚለውን ሐሳብ ያነሳላታል።

2. ቀኝ እጅ። ግራ አይደለም። ወደ ቀኝ እጅ የሚሄደው ደም ከአኦርታ የሚወጣው ዳክተሱ ከሚገናኝበት ቦታ በፊት ነው። ስለዚህ ልብ ራሱ የላከውን ደም ያሳያል። ግራው እጅ ግን ዳክተሱ አጠገብ ስለሚወጣ የተቀላቀለ ደም ሊደርሰው ይችላል። ቆዳው ላይ የቀረ ንፍጥ መሳይ ነጭ ቅባት ወይም ደም ካለ ጠርጋችሁ አድርቁ። ፕሮቡን ከትንሿ ጣት በታች ባለው ሥጋማ የእጅ ጠርዝ ላይ ጠቅልሉት። ብርሃን የሚያወጣው ጎን ከእጁ ጀርባ በኩል፣ ተቀባዩ ጎን ከመዳፍ በኩል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይሁኑ። ይህ ከተዛነፈ ልኬቱ ተበላሸ ማለት ነው። ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት፤ በላዩ ላይ ሌላ ፕላስተር አትጨምሩ።

3. ጠብቁ። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የመጣውን ቁጥር አትመኑት። ማዕበሉ ወይም የምልክት መስመሩ እኩል እየሆነ እስኪሄድ፣ ቁጥሩም ሳይዘል ለአንድ ደቂቃ ያህል እስኪቆይ ታገሡ። እስከዚያ የልብ ምቱን በስቴቶስኮፕ አድምጡ። መሣሪያው 140 ካለና እናንተም 140 ገደማ ካገኛችሁ ደህና ነው። መሣሪያው 75 ብሎ እናንተ 140 ከሰማችሁ ግን ሳቹሬሽኑም ሐሰት ነው፤ ፕሮቡን አስተካክሉ። ለቢጫነት በብርሃን የሚታከም ልጅ ከሆነ መብራቱን አጥፉ። የመስኮት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ከሆነም ፕሮቡን በጨርቅ ሸፍኑት።

4. እግር። የፈለጋችሁትን እግር ውሰዱ። ከትንሿ ጣት በታች፣ በውጨኛው የእግር ጠርዝ፤ ብርሃኑ ከላይ፣ ተቀባዩ ከውስጥ እግር በኩል። በእጅ እንዳደረጋችሁት ጠብቁና አንብቡ። ሁለቱን ልኬቶች ወዲያው ተከታትላችሁ ውሰዱ። እጁን ጠዋት፣ እግሩን ከሰዓት መለካት አይሠራም።

5. ወዲያው ጻፉ። በኪስ ወረቀት ሳይሆን ካርዱና መዝገቡ ላይ፦ ዕድሜ በሰዓት፣ ቀኝ እጅ፣ እግር፣ ልዩነት፣ የለካው ሰው ፊርማ።

ቁጥሩን ማንበብ

ሁለቱም 95 እና ከዚያ በላይ ከሆኑና ልዩነታቸው 3 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ልጁ አልፏል።

ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከ90 በታች ከሆነ አላለፈም። ፕሮቡ በትክክል መቀመጡን በፍጥነት እዩና ሐኪም ጥሩ። አንድ ሰዓት አይጠበቅም።

ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይደገማል። ድጋሚውም ካላለፈ አላለፈም።

ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የ2011 (እ.ኤ.አ.) ስሌት ላላ ያለ ነበር። ከእጅና ከእግር አንዱ ብቻ 95 ቢደርስ ያሳልፍ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ያስደግም ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2025 መጀመሪያ ባሳተመው ጽሑፍ ሁለቱም 95 መድረስ አለባቸው ብሎ አጠበቀው፤ ድጋሚውንም ወደ አንድ ዝቅ አደረገ። ግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈው የቀድሞው ሰንጠረዥ ከሆነ ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋገሩበት። አንዱ ተረኛ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ እንዳይሠራ።

በምሳሌ እንየው። እጅ 98፣ እግር 97፦ አልፏል። እጅ 97፣ እግር 94፦ ልዩነቱ 3 ነው፤ በአሮጌው ያልፍ ነበር፣ በአዲሱ ይደገማል። እጅ 93፣ እግር 94፦ ይደገማል። እጅ 96፣ እግር 88፦ አላለፈም፣ ሐኪም አሁኑኑ።

እጅ 99፣ እግር 95 የሆነውስ? ሁለቱም ቁጥሮች ያምራሉ። ሰው «ጎበዝ፣ ሂድ» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው። ልዩነቱ ግን 4 ነው፤ ይደገማል። የእግሩን ብቻ ለክቶ መተው ልክ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ዳክተሱ ያልጠራ ደም ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል እየላከ መሆኑን የሚናገረው ልዩነቱ ነው።

ነገሩ ሲገለበጥ ደግሞ፣ እጅ 91 እግር 97 ሲሆን፣ በስሌቱ መሠረት ይደገማል። እኔ ግን አንድ ሰዓቱን ዝም ብዬ አልጠብቅም። ፕሮቡን ቀይሬ ወዲያው እለካና ያው ከሆነ ሐኪም እጠራለሁ። የእግር ከእጅ በግልጽ መብለጥ ደም ቅዳዎቹ ቦታ የተለዋወጡበት ልጅ ላይ ሊታይ የሚችል ምልክት ነው።

ከፍታና የቆዳ ቀለም

ይህኛው እኛን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

የ95 መስመር የተሠራው በአብዛኛው ወደ ባሕር ወለል ቅርብ በሆኑ ሀገሮች ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ይጠጋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጤነኛ አራስም ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። የአሜሪካው መመሪያ ራሱ ከፍታቸው ብዙ በሆኑ ቦታዎች የተለየ መስመር ሊያስፈልግ እንደሚችል ያነሳል። ይህ ማለት ደብረ ብርሃን ላይ የሚደገምላቸው ልጆች ከድሬዳዋ ሊበዙ ይችላሉ ማለት ነው።

አንዳንዱ ታዲያ «እኛ ጋ 92ም ይበቃል» ይላል። እባካችሁ መስመሩን በግላችሁ አታውርዱ። «የእኛ ሰው ከፍታ ይችላል» የሚለውም እዚህ አይሠራም። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ደገኞች ሳቹሬሽናቸው በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ድንቅ ነገር ነው። ግን የተለኩት እዚያው የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የ26 ሰዓት አራስ ሌላ ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ሌላ ነገር አለ። የሁሉንም ልጅ ቁጥር መዝገቡ ላይ በጥንቃቄ ጻፉ። ከወራት በኋላ የእናንተ ከተማ ጤነኛ አራስ ስንት እንደሚያነብ የሚነግራችሁ ያ መዝገብ ነው። መስመሩን ለመቀየር የሚወስኑት የሕፃናት ልብ ሐኪሞች ያንን ይዘው ነው የሚወስኑት። ደግሞም ከፍታ እጅንና እግርን እኩል ነው የሚያወርደው። ልዩነቱ ከ3 ከበለጠ በከፍታ አታመካኙ።

የቆዳ ቀለሙ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። ኦክሲሜትር ጥቁር ቆዳ ላይ ቁጥሩን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ በአዋቂ ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባለበት ጊዜ እውነተኛው የደም ኦክሲጅን ከ88 በታች የሆነባቸው ልኬቶች በጥቁሮች ወደ 12 በመቶ፣ በነጮች ወደ 4 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የአዋቂዎች ነው። ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል፦ ጠርዝ ላይ ያለች 95 ስታዩ ልጁን ደግማችሁ እዩት። አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ምላሱንና ድዱን እዩ፤ ጠይም ልጅ ላይ ሰማያዊነት ከከንፈር ይልቅ እዚያ ይታያል። እጅና እግሩ ብቻ ሰማያዊ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተለመደ ነው፤ ምላስ ግን በፍጹም ሰማያዊ መሆን የለበትም።

ማለፍ ነጻ መውጣት አይደለም

ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ የ2018 (እ.ኤ.አ.) ግምገማ እንዲህ ይላል፦ ጤነኛ ከሚመስሉ 10,000 አራሶች 6ቱ ከባድ የልብ ችግር አለባቸው። ኦክሲሜትሩ ከ6ቱ 5ቱን ያገኛል፤ አንዱ ያመልጣል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው አኦርታው የጠበበበት ልጅ ነው፤ ደሙ በደንብ ኦክሲጅን ይዟልና ቁጥሩ ጥሩ ይሆናል። እሱን የሚያገኘው ጣታችሁ ነው። ሁለቱንም ብሽሽት ዳስሱ። የደም ምቱ ደካማ ከሆነ፣ ወይም ከነጭራሹ ካጣችሁት፣ ሳቹሬሽኑ 99 ቢሆንም ልጁ አይወጣም። ልቡንም አድምጡ። ቻይና ውስጥ በተሠራ ትልቅ ጥናት ኦክሲሜትርና ልብ ማድመጥን ያካተተ ምርመራ አንድ ላይ ሲሆኑ ከባዶቹን ችግሮች 93 በመቶ ገደማ አግኝተዋል።

ካላለፈስ?

ያላለፈ ልጅ ሁሉ የልብ ሕመምተኛ አይደለም። የሳንባ ምች፣ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ደም ግፊት ገና አልወርድ ያለው ልጅም እንዲህ ያነባል። እነሱም ሳይታወቁ ቤት ሄደው ቢሆን ኖሮ አደጋ ነበር። ስለዚህ «በከንቱ አስደነገጥን» ብላችሁ አትጸጸቱ።

መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ60 በላይ ከሆነ ጻፉት። ሙቀቱን፣ የደም ስኳሩን፣ ብሽሽቱን እዩ። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያለበት ሆስፒታል ከሆናችሁ ዛሬውኑ ይደረግለት፤ ነገ አይባልም። ጤና ጣቢያ ከሆናችሁ ሪፈር ጻፉ፤ ልጁ ከመነሳቱ በፊትም ስልክ ደውሉ። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ኤኮ አሁን የሚሠራ ሰው አለ? ፕሮስታግላንዲን አለ? ይህ መድኃኒት ዳክተሱን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ነው። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ጊዜ ይገዛል። ትንፋሽ ሊያስቆም ስለሚችል በሐኪም ትእዛዝ፣ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ ባለበት ብቻ ነው የሚሰጠው።

ኦክሲጅንን በተመለከተ፣ ልጁ ከተጨነቀ ወይም ከ90 በታች ከሆነ እየሰጣችሁ ሐኪሙን አማክሩ። ግን 100 ለማድረስ አትሩጡ። ብዙ ኦክሲጅን ዳክተሱን እንዲዘጋ ሊገፋው ይችላል። ኦክሲጅን ስትሰጡት ቁጥሩ ምን እንደሆነም ጻፉ። በደንብ ከወጣ ሳንባ ሊሆን ይችላል፤ ካልተነቃነቀ ወደ ልብ ያዘነብላል። ለሚቀበለው ሐኪም ይህ ትልቅ መረጃ ነው።

መንገድ ላይ ልጁ በእናቱ ደረት፣ ቆዳ ለቆዳ ይሂድ። አይቀዝቅዝ። ባለሙያ አብሮ ይሂድ፤ ኦክሲሜትሩም እግሩ ላይ ይቆይ።

ለእናቱ የምትናገሩትን መርጣችሁ ተናገሩ። ኤኮ ሳይሠራ «ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ» አይባልም። «እህቴ፣ የልጅሽ ኦክሲጅን ከምንፈልገው ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሳንባም፣ ኢንፌክሽንም፣ ልብም ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ያየዋል። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም።» የመጨረሻውን አትርሱ። በእርግዝና ጊዜ የበላችውን፣ የተቆጣችበትን፣ የወደቀችበትን እያሰበች ሌሊቱን ሙሉ ራሷን የምትከስ እናት ብዙ አይቻለሁ።

ሕክምናው አለ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል በዶክተር በላይ አበጋዝ የረጅም ዓመት ጥረት የቆመ ነው። እስራኤል ሆሎን ውስጥ በዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት»ም በርካታ ኢትዮጵያውያን ልጆችን አክሟል፤ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመርም መነሻው አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለሁለት ልጆች ያቀረበው የእርዳታ ጥያቄ ነበር። ወረፋው ረጅም መሆኑን አልደብቅም። ቀድሞ የታወቀ ልጅ ግን ወረፋውን የሚጠብቀው በክትትል ስር ሆኖ ነው።

ለወላጆች

አሜሪካ የምትወልዱ ከሆነ ይህ ልየታ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች የሚሠራበት ነው። አስገዳጅ ያደረጉት ግዛቶች በዚህ ችግር የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ33 በመቶ መቀነሱን በ2017 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ውጤቱን ጠይቃችሁ ውሰዱ። ሀገር ቤት በብዙ ቦታ ገና የየዕለት ሥራ አልሆነም፤ ስለዚህ እናንተ ጠይቁ።

ልጁ አልፎም ቤት ከገባ በኋላ የሚከተሉትን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት፦ ሲጠባ ግንባሩን ካላበው፣ ትንሽ ጠብቶ ደክሞት ከተወ፣ ተኝቶ እያለ በደቂቃ ከ60 በላይ ከተነፈሰ፣ ምላሱ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ እግሩ ተሸፍኖም ከቀዘቀዘ፣ ለመጥባት እንኳ አልነቃ ካለ።

አንድ ልመና አለኝ። ልጅ መጥባት ሲያቅተው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ የሚወሰድባቸው ቤቶች አሁንም አሉ። ያ ልጅ ልቡ ደክሞት ሊሆን ይችላል። እንጥል መቁረጥ ደም ያፈስሰዋል፣ ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል፣ ከሁሉ በላይ ያችን አንድ ቀን ይበላበታል። ጸበል መውሰድ የምትፈልጉ ውሰዱ፤ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል ድረሱ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

እኛ ክፍል ኦክሲሜትሩ አሁን መሳቢያ ውስጥ አይገባም። የመውጫ ወረቀት የሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ በገመድ ታስሯል፤ ቻርጀሩም እዚያው ነው። ወረቀቱ ላይ «ቀኝ እጅ ___ እግር ___» የሚል መስመር በእስክሪብቶ ጨምረናል። ያ መስመር ባዶ ከሆነ ወረቀቱ አይፈረምም።